ሰርቨሩ ያላወቀው ቁጥር

አሮጌው ላፕቶፕ የሞተው በሐምሌ ነው፤ ጅቡቲ ላይ ሰውም ማሽንም የሚደክምበት ወር። ጠዋት ስንገባ ክሊም የምንለው ማቀዝቀዣ ቆሞ፣ ክፍሉ እንደ ዳቦ ቤት ግሎ ጠበቀን። መብራት ሄዶ መጥቶ ኖሯል፤ ሲመጣ ደግሞ ኃይሉን አብዝቶ ነው የመጣው። ላፕቶፑን ስከፍተው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ጠረጴዛው ላይ ፕሮግራም ያልተጫነባቸው ቦርዶች በካርቶን ሙሉ ተደርድረው ነበር።

የምሠራበት ቤት ከምኒልክ አደባባይ ጀርባ፣ ከአንድ የጨርቅ መደብር በላይ ነው። ለጭነት መኪናዎች መከታተያ እንሠራለን። መከታተያዋ መዳፍ የምታህል ቦርድ ናት፤ ከፋብሪካ ስትመጣ ባዶ ናት፣ ምንም አታውቅም። በገመድ ከላፕቶፕ ጋር አገናኝተን ፕሮግራሟን እንጭናለን፣ የራሷን መለያ ቁጥር እንጽፍባታለን። ይህን ፍላሽ ማድረግ እንለዋለን። ከዚያ በኋላ መኪናው የት እንደደረሰ ትናገራለች። ጎኗ ላይ ደግሞ ቀይ ቁልፍ አላት፤ ሾፌሩ ሲቸግረው ሲጫነው፣ ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ እንኳ ቢሆን በአጭር የስልክ መልእክት መለያ ቁጥሯንና ያለችበትን ቦታ ትልካለች።

ፍላሽ የምናደርግበትን ፕሮግራም የላከልን ቦርዱን የሸጠልን ፋብሪካ ነበር። የተጻፈው ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ ያውም በድሮው። ፓይተን የድሮ አለው፣ አዲስ አለው። ስማቸው አንድ ነው፣ መልካቸውም ይመሳሰላል፤ ግን ለአንዱ የተጻፈውን ሌላው አያነበውም። አንዳንዴ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር ይመጣል፤ ያነበበ ይመስልና ሌላ ነገር ይሠራል። የሞተው ላፕቶፕ የድሮውን የያዘ የመጨረሻው ማሽናችን ነበር።

የቤቱን ባለቤት ሁላችንም ሼፍ እንለዋለን፤ በፈረንሳይኛ አለቃ ማለት ነው። ድሬዳዋ ሱቅ፣ ሐረር ሱቅ፣ እዚህም ሱቅ ካላቸው ቤተሰብ የተወለደ፣ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ መሐንዲስ ነው። ጎበዝ ነው፤ ይህን አልክድም። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ሲጨክንም በዚያው ለስላሳ ድምፁ፣ ሽቶው እየሸተተ ነው። አንድ ጊዜ ብየዳ ያበላሸ ሠራተኛችንን፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ደንበኞች ፊት አቁሞ «እጄ ለአካፋ ነው የተፈጠረው» አስብሎታል። ሰውየው አለ። ሁላችንም ያለንን እንላለን። የእኔ የመኖሪያ ፈቃድ የሚታደሰው በእሱ ፊርማ ነው፤ ካርቲየ ሰባት ሰፈር ካለው የአክስቴ ቤት ወጥቼ ሌላ የምሄድበት አልነበረኝም።

በማግስቱ አዲስ ላፕቶፕ ይዞ መጣ። ፕሮግራሙን ገልብጬ አስነሳሁት፤ ገና ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች ላይ ቆመ። የድሮው ፓይተን ያለ ቅንፍ የሚቀበለውን አዲሱ ያለ ቅንፍ አልቀበልም አለ። ያ ቀላሉ ነው። የድሮውን ፓይተን ከአዲሱ ጎን ለብቻው ልጫነው ብዬ ሞከርኩ፤ ተጫነ። ከቦርዱ ጋር በገመድ የሚያነጋግረው ተቀጥላ ፕሮግራም ግን እምቢ አለ። ኢንተርኔት ላይ በቀላሉ የሚገኘው ለአዲሱ ብቻ የተሠራው ነው፤ ለድሮው የሚሆነውን ፈልጎ ማውረድ ያስፈልጋል። ይቻላል፤ ጊዜ ይጠይቃል እንጂ።

«ሼፍ፣ እስከ ነገ ከሰዓት ጊዜ ይስጡኝ» አልኩት።

«ነገ ከሰዓት ምን ይሆናል?»

«የድሮውን ፓይተን ከነተቀጥላው ለብቻው አስቀምጠዋለሁ። ፕሮግራሙን ሳንነካው እንደ በፊቱ ይሠራልናል።»

ያን ጊዜ ቦርዶቹን ያዘዘው የትራንስፖርት ድርጅት ኃላፊ መጥቶ ከጎኑ ተቀምጦ ነበር። መኪኖቹ ቆመው እየጠበቁ ነው። ሼፍ ወደ እሱ ዞሮ በፈረንሳይኛ «ልጅቷ ሙዚየም ልትከፍትልኝ ነው» አለው። ሁለቱም ሳቁ። ፈረንሳይኛ እንደምሰማ ሼፍ አሳምሮ ያውቃል።

«ተነሺ» አለኝ።

ወንበሬ ላይ ተቀመጠና ፕሮግራሙን ለአዲሱ ፓይተን ይቀይረው ጀመር። አጠገቡ ቆሜ አየሁ። ጣቶቹ ይፈጥናሉ። ፕሮግራሙ በጮኸ ቁጥር የጮኸበትን መስመር ብቻ ፈልጎ ዝም ያሰኘዋል፤ ለምን እንደጮኸ አይጠይቅም። እዚህ ቅንፍ፣ እዚያ አንድ ቃል። ወደ መጨረሻው ፊደሉን ማሽን ወደሚያነበው ጥሬ ቁጥር፣ ወደ ባይት፣ የሚቀይር ትንሽ ቃል ጣል አደረገ፤ ጩኸቱ ቆመ። ጫት ከተማ የሚገባበት የቀትር ሰዓት ሳይደርስ የቦርዷ አረንጓዴ መብራት በራች።

«አጨብጭቢ» አለኝ።

የሰማሁትን አላመንኩም። «ምን አሉኝ ሼፍ?»

«ሥራ ሲያልቅ ይጨበጨባል። አጨብጭቢ።»

ኃላፊው ስልኩን ማየት ጀመረ። አጨበጨብኩ። ሼፍ ራሱን ነቀነቀ፤ «እንደ ሰርግ ቤት» አለ። እንደ ሰርግ ቤት አጨበጨብኩ፤ በቃ እስኪል ድረስ። ጥግ ላይ ያ ብየዳ ያበላሸው ሰውዬ ዓይኑን ከጠረጴዛው አላነሳም።

ከዚያ በኋላ ለመናገር ድፍረት ማግኘቴ ዛሬም ይገርመኛል። «ቀዩን ቁልፍ አንድ ጊዜ እንሞክረው?» አልኩ። በአሮጌው ላፕቶፕ ጊዜ ከየካርቶኑ አንዷን አውጥተን እንሞክር ነበር።

ሼፍ ፈገግ አለ። «እኔን ልትፈትኚኝ ነው?» አለ። ቁልፉ አልተሞከረም።

መሣሪያዎቹን መኪኖች ላይ መግጠም የእኔ ሥራ ነበር። ከባልባላ ማዶ ፒኬ አሥራ ሁለት በሚባለው የጭነት መኪኖች ማቆሚያ፣ ከመኪና ወደ መኪና እየወጣሁ ስገጥም ሰነበትኩ። ሾፌሮቹ ብዙዎቹ ከእኛው አገር ናቸው፤ ጥላ ፍለጋ ተሳቢ ሥር ያርፋሉ፣ ሽርጣቸውን አጥበው መስታወት ላይ ያሰጣሉ። ከእነሱ አንዱ ፀጉሩ የሸበተ የአዳማ ሰው ነው። ጋቢናው ውስጥ ስገጥም እግሩን አንጠልጥሎ በሩ ላይ ተቀምጦ ይመለከተኝ ነበር።

«ይቺ ነገር የት እንዳለሁ ሁልጊዜ ትናገራለች?» አለኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«እንግዲያማ ሁለተኛ ሚስት መሆኗ ነው። የመጀመሪያዋም የት ደረስክ ስትለኝ ነው የምትውለው።»

ሳቅን። ሼፍ እንድናስረዳ ያስጠናንን ቃል ነገርኩት፦ «ቢቸግርህ ቀዩን ቁልፍ እስክትነዝር ድረስ ተጫናት። ከዚያ ከመኪናው አትራቅ፤ ሰው ይመጣል።»

«አልራቅም» አለኝ። «ዕቃ ጥዬማ የት እሄዳለሁ?»

እሱን የላኩት ውኃ ጉድጓድ ለሚቆፈርበት ቦታ ቧንቧ ጭኖ፣ ከዲኪል አልፎ ወደ አቤ ሐይቅ በሚወስደው የአቧራ መንገድ ነው። እንደ አዲስ አበባው መስመር መኪና የሚርመሰመስበት መንገድ አይደለም። ቀን ሙሉ ነፋስ ብቻ ይመላለስበታል። ከግማሽ መንገድ በላይ ሄዶ የኋላ ጎማዎቹን አሸዋ ዋጣቸው፤ ሊያወጣው ሲታገል አክስሉ ተሰበረ።

የእጅ ስልኩ እዚያ መስመር አይዝም፤ የመሣሪያዋ ረጅም አንቴና ግን ይይዛል። ቀዩን ቁልፍ ተጫነ። ነዘረች። መኪናው ሥር ገባና ጠበቀ።

የሆነውን ኋላ ከራሱ አፍ ሰምቻለሁ። መጀመሪያ ጄሪካኑ ውስጥ የነበረውን ውኃ ቆጥቦ ጠጣ። ሲያልቅ የራዲያተሩን ቀድቶ ጠጣ፤ የሞተር ማቀዝቀዣ ኬሚካል የተቀላቀለበት ስለነበር አንጀቱን ገለበጠው። ከሩቅ አቧራ ሲነሳ መኪና መጣልኝ ብሎ ይነሳል፤ ነፋስ ነው። በየጊዜው ወደ ጋቢናው እየተሳበ ይወጣና ቁልፉን ይጫናል። ትነዝራለች። ስትነዝር ደግሞ ተስፋ ያደርጋል። በእግሩ ወደ መጣበት ልመለስ ብሎ አስቦ ነበር፤ ከመኪናው አትራቅ መባሉን አስታውሶ ተወው።

እኛ ጋ ሁሉም ሰላም ነው። ካርታው ላይ የሱ ነጥብ ከዲኪል በኋላ ጠፍታለች፤ እዚያ ኢንተርኔት ስለሌለ የሁሉም ትጠፋለች። የድርጅቱ ኃላፊ ቧንቧው ለምን እንዳልደረሰ ሊጠይቅ መጣ። ሼፍ ሳንድዊቹን እየበላ ስክሪኑን አየለት።

«ቁልፉን አልተጫነም» አለው። «ቢቸግረው ይጫን አልነበር? የመሣሪያዋን ገመድ ቆርጦ ናፍጣ እየሸጠ ነው።»

«ወላሂ?»

«አንተ ሾፌሮችህን አታውቃቸውም እንዴ?»

ኃላፊው ሰው ላከ፤ ግን ወደ አሸዋው አይደለም። ዲኪል ናፍጣ የሚቸረችሩትን ቤት ለቤት እንዲጠይቅ ነው የላከው።

ሾፌሩን ያገኙት ግመል የሚነዱ አፋሮች ናቸው። ከመኪናው ሥር ጎትተው አወጡት፤ ምላሱ አብጦ አፉ አልዘጋ ብሎ ነበር። ግመል ላይ አስረው ወደ መንደራቸው ወሰዱት፤ ከዚያ ወደ ዲኪል፣ ከዚያ ወደ ከተማ ሆስፒታል።

በሳምንቱ ሼፍ ጠርቶኝ ስልኩን ሰጠኝ። «ተመልከቺ፤ ይሄ ያንቺ አገር ሰው ነው» አለኝ። ቪዲዮ ነው። ያ ሾፌር የሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቷል፤ ከንፈሩ የተሰነጣጠቀ፣ ፊቱ የከሰለ። ከካሜራው ጀርባ ያለው ድምፅ «በል» ይለዋል። «ገመዱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» ይላል ሾፌሩ። «ጮክ በል።» «እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ናፍጣ ልሸጥ ብዬ ነው።» ቪዲዮውን ለሾፌሮች ሁሉ በትነውላቸዋል፣ መቀጣጫ እንዲሆን። ሼፍ አንድ ጊዜ ካየሁት በኋላ እንደገና ነካው። «አነጋገሩ ደስ ይለኛል» አለ።

መሣሪያዋ ተነቅላ ተመልሳልን ነበር። ሼፍ ምሳ ሲወጣ ከቦርሳዋ አወጣኋት። ገመዷ ደህና ነበረች፤ እኔ ራሴ እንዳሰርኩት፣ በጥቁር ፕላስተር እንደጠቀለልኩት አለች። ማንም አልቆረጣትም።

ከላፕቶፑ ጋር አገናኘኋትና መለያ ቁጥሯን ጠየቅኋት። ቁጥሩ መጣ፤ ግን ብቻውን አልመጣም። ከፊቱ «ቢ» የምትባለዋ የላቲን ፊደል፣ በግራና በቀኙ ደግሞ ሁለት ጭረቶች ተለጥፈውበታል። ወዲያው ገባኝ። በድሮው ፓይተን ፊደልና ባይት አንድ ናቸው፤ በአዲሱ ተለያይተዋል። አዲሱ ባይቱን እንደ ጽሑፍ ጻፍ ሲሉት፣ ይሄ ባይት ነው ብሎ ምልክቱን ጭምር ይጽፈዋል። ሼፍ ጩኸቱን ዝም ያሰኘባት ያቺ ቃል፣ በእያንዳንዷ ቦርድ ላይ ቁጥሩ ከነምልክቱ እንዲጻፍ አድርጋለች። ካርታው የሚሠራው በሲም ካርዱ ቁጥር ስለሆነ እዚያ ምንም አልታየም። ቀዩ ቁልፍ ግን የሚልከው ያንን መለያ ነው።

መልእክቶቹን የሚቀበለው ዋናው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ የማያውቀውን ቁጥር ይዞ የመጣ መልእክት የሚጥልበት ማንም የማይከፍተው ጥግ አለው። ከፈትኩት። የሾፌሩ መልእክቶች ተደራርበው ተቀምጠዋል፤ ቦታውን ሳይቀር በትክክል ይናገራሉ። መጀመሪያ ላይ ተራርቀው ነው የመጡት። ወደ መጨረሻው ግን ይጠጋጋሉ፤ ጣቱን ከቁልፉ ላይ ያላነሳ ሰው ይመስላሉ።

ሼፍ ሲመለስ አሳየሁት። ወንበር ስቦ ተቀመጠና አነበበ። ፊቱ ምንም አልተለወጠም።

«ምን ይላል? ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» አለኝ።

አነበብኩለት።

«ቮዋላ» አለ፤ በቃ ይኸው እንደ ማለት። ፕሮግራሙን ከፈተ፣ ወደዚያች መስመር ቀጥ ብሎ ሄደ፣ አንድ ቃል ጨመረ። ከዚያ የሾፌሩን ቦርድ ከእጄ ወሰዳት። ምን ሊያደርግ እንደሆነ የገባኝ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ስትጀምር ነው። እንደገና ፍላሽ እያደረጋት ነበር። «ሼፍ፣ እባክዎ፣ እሷ እኮ ማስረጃ ናት» አልኩት። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም በይ አለኝ፤ ሕፃን እንደተኛበት ሰው። መብራቷ ቆመች። ሰርቨሩ ላይ የነበሩትን መልእክቶችም በአንድ ጊዜ አጠፋቸው።

«አሁን ጠይቂያት። ምን ትላለች?»

ጠየቅኳት። ቁጥሩ ንጹሕ ሆኖ መጣ።

«እንግዲህ ሂጂና ንገሪያቸው» አለኝ። «ሲጠይቁሽም ይህንን አሳዪያቸው።»

ከዚያው ካርቶን የወጡት ሌሎቹ ግን ገና መኪኖች ላይ ናቸው። ይህን ደረጃው ላይ ስወርድ ነው ያሰብኩት። የራሴን ላፕቶፕ ይዤ በሚኒባስ ፒኬ አሥራ ሁለት ሄድኩ። ያገኘሁት የመጀመሪያው መኪና ሾፌር ጋቢናውን ከፈተልኝ። ገመዱን ሰካሁ፤ ያቺው ፊደል፣ እነዚያው ጭረቶች። ሾፌሩን ቁልፉን እንዲጫን ለመንኩት። ነዘረች። ወደ ቢሮ ደውዬ ያ የብየዳው ሰውዬ ስክሪኑን እንዲያይልኝ ጠየቅኩት። «ምንም አልመጣም» አለኝ በሹክሹክታ፣ ዘጋውም።

ነገሩን በስልኬ ቪዲዮ ቀርጬ ወደ ትራንስፖርት ድርጅቱ ኃላፊ ቢሮ ሄድኩ። ወንበር ሰጠኝ፣ ቀዝቃዛ ውኃ አስመጣልኝ። ሁለት ጊዜ አስደገመኝ፤ ለመረዳት የሚተጋ ይመስል ነበር። ፊቱ ቀስ በቀስ ሲበራ አየሁ፤ ደስ አለኝ። እውነት የገባው መስሎኝ ነበር።

ስልኩን አንስቶ ሼፍ ጋ ደወለ፤ ድምፁን እኔም እንድሰማ ከፈተው። «ወዳጄ፣ የሸጥክልኝ ዕቃ ደንቆሮ ነው አሉ» አለው። ሼፍ ሳቀ። ይሄኛውም ሳቀ። ከዚያ በፈረንሳይኛም በሱማልኛም እየቀላቀሉ ስለ ዋጋ ቅናሽ፣ ስለ ነፃ ጥገና፣ ስለሚቀጥለው ዓመት ውል ተነጋገሩ። የሾፌሩ ነገር በመካከላቸው አልተነሳም። ሲጨርስ እጁን ዘርግቶ አመሰገነኝ።

«ሰውዬውስ?» አልኩት።

«የትኛው?»

«ሾፌሩ። እንዳልቆረጠ አሁን አወቁ እኮ።»

«እሱማ አምኗል» አለኝ፤ እንደ ሞኝ እያየኝ። «ቪዲዮ አለ። አሁን አልቆረጠም ብል፣ ያመነውን ማን አስገድዶት ነው ይሉኛል።»

ሼፍ በማግስቱ አላባረረኝም። በለዘበ ድምፅ ሁሉንም መሣሪያዎች ከመኪኖቹ ላይ እየፈታሁ እንደገና ፍላሽ እንዳደርግ አዘዘኝ። እምቢ እንደማልል ያውቃል፤ ሌላ ሾፌር ያቺን ቁልፍ ሊጫን ነው። በዚያ ሙቀት ከጋቢና ጋቢና እየወጣሁ ሁሉንም አስተካከልኩ፤ እያንዳንዷን ቁልፍም አስሞከርኩ። የመጨረሻዋን ጨርሼ ስመለስ የቢሮውን በር ቁልፍ መልሺ አለኝ። የመኖሪያ ፈቃዴ መታደሻ ጊዜ ቀርቦ ነበር። «በእኔ በኩል አልፈርምም» አለ። «በሰው ቢሮ ገብተሽ ስለ እኔ ሥራ ያወራሽበት አንደበት ይፈርምልሽ።» አክስቴ ያለ የሌለ ዘመድ ለምና፣ ካርቲየ ሰባት ስልክ የሚጠግን አንድ ነጋዴ ለፈቃዴ ፈርሞ ሠራተኛው አድርጎ ወሰደኝ። አሁንም እዚያ ነኝ።

ሾፌሩን ፈልጌ ያገኘሁት ሃያብለ ሰፈር ውስጥ፣ የአንድ ጓደኛው ዘመዶች ባስጠጉት የቆርቆሮ ቤት ነው። ከግድግዳው ጥላ ሥር ጆንያ ላይ ተቀምጧል። ሚስቱ ልትወስደው ከአዳማ መጥታ ዕቃ ትሸክፋለች። እግሮቹ አብጠው ነበር። ኩላሊቱ አልተመለሰም፤ ሐኪሞቹ አገርህ ገብተህ ደም የሚያጥብ ማሽን ላይ ትሆናለህ ብለውታል።

የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።

«አንድ ፊደል ነው ያልሽው?» አለኝ በመጨረሻ።

«አንድ ፊደልና ሁለት ጭረት።»

«ስጫናት ትነዝር ነበር እኮ።»

«አዎ ጋሼ። መልእክቱ ተልኳል። ደርሷልም። ሰርቨሩ ቁጥሩን ስላላወቀው ጣለው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ስንቴ እንደተጫንኩ እዚያ ላይ ይታያል?» ብሎ ጠየቀኝ። ሼፍ ከማጥፋቱ በፊት አይቻቸው ስለነበር ስንቴ እንደተጫነ አውቅ ነበር። «አይታይም» አልኩት።

«እኔ ደግሞ እጄ የሳተ መስሎኝ» አለ። «በትክክል ያልተጫንኩ መስሎኝ።»

ለምን አምኖ እንደተናገረ ጠየቅኩት። ባልጠይቀው በተሻለ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ ለኩላሊቱ ሲሉ ውኃ በመጠን ነበር የሚሰጡት፤ ከዚያ ሁሉ ጥማት በኋላ በማንኪያ። ኃላፊው ሊጠይቀው የመጣ ቀን በአንድ እጁ ስልኩን ደቀነበት፤ በሌላው ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይዟል።

«ቆርጫለሁ በል አለኝ» አለ ሾፌሩ። «እናቴን ገድያለሁ በል ቢለኝም እል ነበር።»

«ውኃውንስ ሰጠህ?»

«ሐኪም ከልክሏል ብሎ ራሱ ጠጣው።»

ሚስቱ ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ይመስለኛል። የያዘችውን ብርድ ልብስ ጣል አድርጋ ወደ እኔ መጣች። እንደምታለቅስ ጠብቄ ነበር።

«እሺ፣ እውነቱን አመጣሽልን» አለችኝ። «ለማን ላሳየው? ቪዲዮው አዳማ የገባው እኔ ከመነሳቴ በፊት ነው። ልጄ ሌባ አባት አለሽ ተብላ ትምህርት ቤት መሄድ ትታለች።»

«እናገራለሁ» አልኳት። «ለሾፌሮቹ ሁሉ እናገራለሁ።»

«ተናገሪ» አለች። «አሁን ግን ተነሺ፤ የተቀመጥሽበት ጆንያ ይታሰራል።»

ተነሳሁ። ላግዛት ስል እቃውን ከእጄ ነጠቀችኝ። ሾፌሩ ከተቀመጠበት ሆኖ «ተያት፣ ደክሟት ነው» አለኝ። ሲሄዱ ለመሸኘት አልቆየሁም፤ አልተለመንኩምም።

ቃሌን ጠበቅኩ። ሾፌሮቹ ቴሌግራም ላይ ወሬ የሚለዋወጡበት ቦታ ነበራቸው፤ በድምፄ ቀርጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረክሁት፤ የሼፍንም የኃላፊውንም ሥራ። ጥቂቶች አመኑኝ። ያ መጀመሪያ ቁልፉን እንዲጫን የለመንኩት ሾፌር መሰከረልኝ። ሌሎቹ ግን አንዲት ሴት ስለ አንድ ሾፌር ይህን ያህል ምን አንገበገባት ብለው መጠየቅ ጀመሩ፤ መልሱንም ራሳቸው አገኙት። ውሽማው ናት አሉ። በማግስቱ ከቪዲዮው ይበልጥ የሚጋራው ይሄ ነበር። ናፍጣውን ለማን እንደሚሸጥ አሁን ገባን፣ ገንዘቡ እሷ ጋ ነው ያለው አሉ፤ ሥራ ቦታ ከሰው ጋር ከተነሳሁት ፎቶ ላይ ፊቴን ቆርጠው ከሾፌሩ ፊት ጎን አድርገው ለጠፉት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከአዳማ የድምፅ መልእክት መጣልኝ። ሚስቱ ናት። ከጀርባዋ የሆስፒታል ጫጫታ፣ ስም የሚጠራ ሰው ድምፅ ይሰማል። አልተሳደበችም።

«እሱ በሳምንት ሁለቴ ማሽን ላይ ነው» አለች። «ትላንት ወንድሙ መጥቶ ስላንቺ ጠይቆት፣ ሊመልስለት አቅም አጥቶ አለቀሰ። አውቃለሁ፣ ውሸት ነው። ከእንግዲህ ግን እውነትም ቢሆን እንዳትናገሪልን። ዝም በይልን።»

እሺ ብዬ ጻፍኩላት። አነበበችው፤ አልመለሰችም። የድምፅ ቅጂዬን ከቴሌግራሙ ላይ አጠፋሁት፤ የተባለብኝ ግን እንዳለ ቀረ። ያን ቀን ከሰዓት አንድ ደንበኛ የተሰበረ ስልክ ይዞ መጣና ያን የተለጠፈ ፎቶ እንዳየ ሰው ፊቴን ደጋግሞ ካየ በኋላ፣ ወንድ ካለ እሱ ይጠግንልኝ አለ። አሠሪዬ ከውስጥ ወጥቶ ስልኩን ከእጄ ተቀበለኝ።